በመዝገብ ተሽከርካሪ የነበረችው ግመል

በዚያ ሰኞ ጠዋት በግቢው ውስጥ አምስት ሰዎችና አራት ግመሎች ነበርን። የመሥሪያ ቤቱ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ አቶ ጀማል በረንዳው ላይ፣ ከላይኛው ደረጃ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ለንብረት ቆጠራው ከአዲስ አበባ የተላከችው ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ቃልኪዳን ከበረንዳው ሥር ጠረጴዛ አስወጥታ ላፕቶፗን ከፍታለች። የምድር ባቡር ጡረተኛ መካኒክና የግቢው ጎረቤት ሙሴ ታደሰ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሁለት ክርኑን ግንቡ ላይ አስደግፏል። ዘበኛው አብዲ ገመድ ይዞ መሀል ግቢ ላይ ነው። ከኋላው እናቲቱ ግመል፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ሦስት ልጆቿ በዕድሜያቸው ተራ ቆመዋል። እኔ ገና ከባጃጅ መውረዴ ስለነበር በሩ አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ አልወጣሁም።

አስካለ እባላለሁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው በዚህ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በንብረት ክፍል ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የተቀጠርኩት በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ ነው። ሥራዬን እወደው ነበር ማለት አልችልም፤ አከብረው ነበር። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ዕቃ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ሁሉ የመንግሥት ነው፤ ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት የመንግሥት አይደለም። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ነገር ለእኔ የለም ነበር። ቤቴም ውስጥ እንደዚያው ነበርኩ። የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ግድግዳው የመንግሥት ስለሆነ አንድ ምስማር መትቼበት አላውቅም።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው ዓርብ አቶ ጀማል ስልክ ደወለልኝ።

«እትዬ አስካለ፣ አንድ መኪና ጠፍቶብናል» አለኝ።

«የማን መኪና?»

«የመንግሥት ነዋ! ዘበኛው አብዲ ትናንት ጡረታ ወጣ። ዛሬ ክሊራንስ ሊወስድ ሲመጣ ሲስተሙ ‹አንድ ተሽከርካሪ፣ ቀለም ቡኒ፣ በእጁ አለ› አለን። ከድሮው መዝገብ የተገለበጠ ነው። መዝገቡን አወጣን፤ ፊርማው የእርስዎ ነው።»

«አብዲ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ‹መኪና መንዳት አልችልም፣ እኔ ያለኝ ግመል ነው› ይላል። እኛም ቀልድ መሰለን። ሰኞ ጠዋት ያለህን ይዘህ ና ብለነዋል። እርስዎም ቢመጡልን።»

እመጣለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ነገሩ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ሻይ አፍልቼ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታችን በገጠር ቀበሌዎች የውኃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። መኪና የማይደርስበት ቦታ ስለነበረ መሣሪያ የምትጭን አንዲት ግመል ተገዛች። ዕቃ ተረካቢዋ እኔ ነኝ። የቋሚ ንብረት ቅጹን ዘረጋሁ። ሕንፃ የሚል ዐምድ አለ። ማሽነሪ የሚል አለ፣ የቢሮ ዕቃ የሚል አለ፣ ተሽከርካሪ የሚል አለ። እንስሳ የሚል የለም። ግማሽ ቀን አሰብኩበት። ትጭናለች፣ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ተሽከርካሪ ከሚለው ሥር ጻፍኳት። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። የሻንሲ ቁጥር በሚለው ቦታ «የላትም» አልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መንገዱ ተሠራ፤ መኪና ደረሰ። ግመሏ ሥራ ፈታች። የመንግሥትን ንብረት ለማስወገድ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፤ ኮሚቴው አልተሰበሰበም። አብዲ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነዋሪ ስለነበረና ግመል ስለሚያውቅ በሞዴል 22 በእጁ እንድትቆይ ተደረገ።

አንድ ጠዋት ይኸው አብዲ መጋዘኑ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ድሬ ውስጥ አንቱታ አይበዛም፤ አብዲ ደግሞ ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚለው።

«አስካለ፣ ወለደች።»

«ማን?»

«የመንግሥት ግመል።»

መዝገቡን ከፈትኩ። አቅራቢ የለም። ደረሰኝ የለም። የግዢ ትእዛዝ የለም። «ያልተገዛ ነገር አልረከብም» አልኩት። «ሂድ። ሁለተኛ ይህን ይዘህ እንዳትመጣ።»

ሄደ። ሁለተኛው ሲወለድ አልመጣም፤ በር ላይ ሲያገኘኝ ብቻ ሁለት ጣቱን አሳይቶኝ ሳቀ። ሦስተኛው የተወለደው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሚስቱ የግመል ወተት ትሸጣለች። እነዚያ ግመሎች የቤቱ ምሰሶ መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት የሆነው ይህ ነው።

አቶ ጀማል ከደረጃው ላይ ሆኖ ግመሎቹን በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «አንድ ሰጥተን አራት ተገኘ። መንግሥት ረባ!»

«አንድ ነው የወሰድኩት፣ አንድ ነው የምመልሰው» አለ አብዲ። «እነዚህ እናታቸውን ተከትለው ነው የመጡት። አቦ፣ ግመልን ቤት ቅር ብትለው ይሰማሃል?»

ቃልኪዳን ከላፕቶፗ ቀና አለች። «ይቅርታ፣ ሲስተሙ የሰሌዳ ቁጥር ይጠይቀኛል» አለች። ከዚያ ግመሏን አየች፤ ከዚያ ስክሪኑን አየች። መሳቅ ጀመረች። ሳቋን ለመያዝ አፏን በመዳፏ ብትሸፍንም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ማነው እንዲህ የመዘገበው?»

አቶ ጀማል ወደ እኔ አየ። እኔ ከጥላው አልወጣሁም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስህተት ሠርታለች ተብዬ አላውቅም ነበር።

«ቀልዱ ይቆየን» አለ አቶ ጀማል። «እናቲቱ የመንግሥት ናት። እናት የመንግሥት ከሆነች ልጅም የመንግሥት ነው። የመንግሥት ዛፍ ፍሬ የማን ነው?»

«የወፍ!» አለ ሙሴ ታደሰ ከአጥሩ ማዶ።

«ሙሴ፣ አንተ ደግሞ በጠዋቱ ሥራ የለህም?»

«ጡረተኛ ነኝ፣ ሥራዬ ይህ ነው። እስቲ ጀማል ንገረኝ፣ መንግሥት በእውነት ምን አለው?»

«ምን የሌለው ነገር አለ? መሬቱን ሕጉ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሕንፃው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ባቡሩ አለ...»

«ባቡሩን ለእኔ ተወው» አለ ሙሴ ታደሰ። «እኔ የሠራሁበት ባቡር የሁለት መንግሥት ነበር። ቡሎን ስፈታ ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የጎረቤት አገር። የትኛው ግማሽ እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔ የማውቀው ግራሶውን የምቀባው እኔ እንደነበርኩ ነው። መንግሥት ያለው፣ ሰው የሚጠብቅለት ብቻ ነው። ጠባቂው ዞር ካለ ምንም የለው።»

«እኔ መንግሥት ገመድ ሲይዝ አይቼ አላውቅም» አለ አብዲ።

«ወረቀት ያለው የመንግሥት ነው፤ አለቀ» አለ አቶ ጀማል።

«እንደሱ እንኳ አይደለም» አለች ቃልኪዳን። «መመሪያው ላይ ሀብት ማለት በቁጥጥርህ ሥር ያለ፣ ነገ ጥቅም የሚሰጥህ ነገር ነው። ወረቀት ስላለህ ብቻ ያንተ አይሆንም። ባለፈው ወር የቆጠርነው ቦታ ወረቀት ያለው ግን የፈረሰ መጋዘን ነበር። ወረቀት የሌለው ግን ሰው ሁሉ የሚጠጣው የውኃ ጉድጓድም ነበር። የቱ ነው ሀብቱ?»

ይህን ስትናገር በቆምኩበት ዛፉን ተደገፍኩ። ይህች ልጅ ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁበትን ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር ገለበጠችው፤ ያውም አዲስ ነገር የተናገረች ሳይመስላት።

«እሺ፣ ቁጥጥር!» አለ አቶ ጀማል። «ይኸው ግቢያችን ውስጥ ናት አይደል? በቁጥጥራችን ሥር ናት።»

ወዲያው ከውጭ ጡሩምባ ተነፋ። የውኃ ቦቴ መጥቶ ኖሯል። እናቲቱ ግመል ግን በክርክሩ መሀል ዞር ብላ በሩ ላይ ተንበርክካ ተኝታ ነበር፤ እያመሰኳች ታየናለች። አቶ ጀማል ከደረጃው ወርዶ አጨበጨበ። አልተንቀሳቀሰችም። ገመዱን ከአብዲ እጅ ወስዶ ጎተተ። አንገቷን ብቻ አስረዘመች። ጠጋ ብሎ «ሂጂ!» ሲላት ያመሰኳችውን ሁሉ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተፋችበት።

«ቁጥጥር!» ብሎ ጮኸ ሙሴ ታደሰ። ከሳቁ የተነሣ ክርኑ ከግንቡ ላይ ሸተት አለ።

የቦቴው ሾፌር ጡሩምባውን ደገመ። አብዲ ረጋ ብሎ ቀረበና በምላሱ አንድ ድምፅ አሰማ። ተነሣች። ሦስቱም ተከተሏትና ጥጋቸውን ያዙ።

አቶ ጀማል ሸሚዙን በመሀረብ እየጠረገ «አብዲ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አለ። «እሱ አስነሣት ማለት መንግሥት አስነሣት ማለት ነው።»

«እስከ ሐሙስ ነበርኩ» አለ አብዲ። «ከዓርብ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ።»

እዚህ ላይ እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቃልኪዳን ስክሪኗን ረዘም ላለ ጊዜ አይታ ድምፅዋን ለወጠች።

«ጋሽ አብዲ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። «እኔ በግሌ የምወስነው ነገር አይደለም። ልጆቹ ከመንግሥት ንብረት እንደተገኙ አድርጌ ከመዘገብኩ አራቱም እዚህ ይቆያሉ፤ ከበላይ ውሳኔ እስኪመጣ ክሊራንሱም ይቆያል። ካልመዘገብኩ ደግሞ ለምን እንዳልመዘገብኩ የሚያስረዳ ነገር ያስፈልገኛል። ከተወለዱ ጀምሮ ለምንድነው ያላሳወቅከው?»

አብዲ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ። አንድ ጊዜ ወደ ዛፉ፣ ወደ እኔ አየ። «አስካለ ናት ሂድ ያለችኝ» ማለት ይችል ነበር። አላለም።

«ሚስቴ ዛሬ ማታ ምን ታልባለች?» አለ ብቻ።

ከጥላው ወጣሁ። በድሬ ፀሐይ ከዛፉ እስከ ጠረጴዛው ያለው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ረዥም ነበር።

«አሳውቋል» አልኩ። «የመጀመሪያዋ እንደተወለደች በማግሥቱ መጥቶ ነገረኝ። ቅጽ የለውም ብዬ መለስኩት። ሁለተኛ እንዳትመጣም አልኩት። ተሽከርካሪ ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

 

ቃልኪዳን ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም።

«እትዬ፣ ለቀለብ የወጣ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሳር፣ ጨው፣ መድኃኒት?»

«የለም። አንድ እስር ሳር በሞዴል 22 ወጥቶ አያውቅም። ቢወጣ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።»

«የእንስሳት ሐኪም?»

«የለም።»

«ኮሚቴ ሄዶ አይቷት ያውቃል?»

«እኔ በነበርኩበት ጊዜ በየዓመቱ በቆጠራ ወቅት አብዲን በር ላይ ‹አለች?› እንለው ነበር። ‹አለች› ይላል። ‹አለ› ብለን ምልክት እናደርጋለን።»

ቃልኪዳን እንደገና መዳፏን አፏ ላይ አደረገች።

አቶ ጀማል ግን ገና አልተረታም። «የኛ ሰው ከብት ለርቢ ሲሰጥ የሚወለደውን እኩል ይካፈላል» አለ። «እሺ፣ መንግሥት ሁሉንም አይውሰድ። እንካፈላ! ሦስቱን ለሁለት።»

«ሦስተኛውን በምን ልትቆርጠው ነው?» አለ ሙሴ ታደሰ።

«ለርቢ የሚሰጥ ሰው ይወልዳል ብሎ ነው የሚሰጠው» አልኩ። «መንግሥት ለርቢ አልሰጠም፤ ተሽከርካሪ ነው የሰጠው። ይኸው ፊርማዬ። ተሽከርካሪ ሲሰጥ ይወልዳል ብሎ የጠበቀ የለም። ያልጠበቀውን፣ ያላበላውን፣ አላውቅህም ብሎ የመለሰውን ዛሬ የእኔ ነው ቢል አያምርበትም።»

በሕይወቴ በመሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ እንዲህ ረዥም ተናግሬ አላውቅም።

አቶ ጀማል ወደ እኔ ጠጋ አለ። ቀስ ብሎ «እትዬ አስካለ» አለኝ፣ «ይህን የተናገሩትን ጽፈው ይፈርማሉ? ነገ ኦዲት መጥቶ ቢጠይቅ ተጠያቂዋ እርስዎ ነዎት። ጡረታዎ ላይ ሆነው ይህ ሁሉ ምን ያደርግልዎታል?»

«ወረቀት ስጠኝ» አልኩት።

ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ሆነ። አብዲ የመጀመሪያዋን መወለድ በወቅቱ እንዳሳወቀ፣ እኔ እንዳልተቀበልኩት፣ ሁለተኛውንም እያወቅሁ እንዳልመዘገብኩ፣ በመንግሥት በኩል ምንም ዓይነት ቀለብ እንዳልወጣ። ከሥሩ ስሜንና የቀድሞ ሥራዬን ጽፌ ፈረምኩ። ቃልኪዳን አንብባ ሳትጨርስ «ይበቃኛል» አለች። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ መንግሥት አንዲት ግመል ነበረችው፣ ተመላሽ ተደርጋለች፤ ሌሎቹን መዝገቡ አያውቃቸውም። አቶ ጀማል ረዥም ተንፍሶ ከሥሩ ፈረመ።

አብዲ ይህን ሰምቶ እናቲቱን ወደ አቶ ጀማል ሳባት። ገመዱን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«ሀዬ፣ ንብረትህን ተረከብ» አለው።

አቶ ጀማል ገመዱን ያዘ። አብዲ ሦስቱን ይዞ ወደ በሩ አመራ። ያን ጊዜ እናቲቱ የጮኸችውን ጩኸት ከዚራ ሁሉ የሰማው ይመስለኛል። የጎረቤት መስኮቶች ተከፈቱ። ግመሏ አቶ ጀማልን እየጎተተች የአበባውን መደብ አለፈች፤ በረንዳው ላይ የተንጠለጠለውን ቡገንቪሊያ አንድ ጊዜ ጎረሰችው።

«አብዲ! ኧረ አብዲ! ዋሪያ ቁም!»

«ምነው?»

«የት ነው የማሳድራት?»

«የመንግሥት ናት። መንግሥት የሚያድርበት አሳድራት።»

ሙሴ ታደሰ በዚህ ጊዜ ግንቡ ላይ ራሱን ደፍቶ ነበር። ቃልኪዳን በግልጽ እየሳቀች «አቶ ጀማል፣ አሁን በቁጥጥርዎ ሥር ናት ብዬ ልጻፍ?» አለችው።

በመጨረሻ አብዲ እንዲጠብቃት የአደራ ውል ተጻፈ። አብዲ አንድ ነገር ካልተጨመረ አልፈርምም አለ፤ ከእንግዲህ ብትወልድ የሚወለደው የማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይጻፍ። አቶ ጀማል «ያንተ! ያንተ! ጻፊለት!» አለ። ቃልኪዳን ጻፈች። አብዲ ግን ውሉን ከፈረመ በኋላ «አሮጊት ናት፣ ከእንግዲህ አትወልድም» ብሎ ነገራቸው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሕግ የምታውቁ ከሆናችሁ እኔ የተናገርኩት ትክክል አይደለም ትሉ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። እስከ ዛሬ የጠራኝ ኦዲተር የለም፤ ቢጠራኝም ያንኑ እደግመዋለሁ። መንግሥት በእውነት ምን እንዳለው ዛሬም አላውቅም። መሬትና ሕንፃ፣ መንገድና ሐዲድ አለው ይባላል፤ ይኑረው። እኔ ያየሁት፣ ከእነዚያ ሁሉ በስተጀርባ በር ላይ ቆሞ «አለች» የሚል አንድ አብዲ መኖሩን ነው። እኛ ደግሞ እሱን በየትኛውም ዐምድ አልጻፍነውም።

ስለ ራሴ ብዙ መናገር አልወድም። ግን ያ ቀን አንድ ነገር አድርጎብኛል። በሳምንቱ ከሱቅ ምስማር ገዛሁ። ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፎቶግራፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ግድግዳው የመንግሥት ነው ብዬ። በየዓመቱ ኖራ የምቀባው እኔ ነኝ፣ ዝናብ ሲያስገባ የምደፍነው እኔ ነኝ። መታሁበትና ፎቶግራፉን ሰቀልኩት። ግድግዳው ምንም አላለም። ምናልባት እናንተም ወረቀት የለኝም ብላችሁ ያልነካችሁት ነገር ካለ ዞር ብላችሁ እዩት። በማን እጅ እንደቆመ እዩ።

ሰኞ ዕለት ነገሩ ሁሉ ሲያልቅ ወደ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቃልኪዳን የአብዲን ክሊራንስ አትማ አወጣች። የመጨረሻው መስመር ላይ «የንብረት ክፍል» የሚል ባዶ ቦታ ነበረ። አቶ ጀማል ሊፈርም እስክሪብቶውን አነሣና ቆም አለ።

«እትዬ አስካለ፣ እንደ ምስክር እርስዎም ይፈርሙበት» አለኝ።

ፈረምኩ። አብዲ ወረቀቱን ተቀብሎ አራት ቦታ አጠፈውና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አስካለ» አለኝ።

«አቤት።»

«ምንም» አለ። ግመሎቹን በምላሱ ጠራቸው፤ አራቱም ተከተሉት።

እነሱ ከበሩ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።